ጉኑኖን አስር ላይ የሰቀልኩበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
ዛሬም ሶዶ መናኸሪያ። "ሻንቶ! ሻንቶ የሞላ!" እያልኩ ተሳፋሪ ስጠራ ዋልኩ። ሲሰለቸኝ "ሻንቶ በአውሮፕላን!" ብዬ ጠራሁ። አንዲት እናት "ስንት ሰዓት ይነሳል?" አሉኝ... ከምራቸው። ክንፉን እያጠቡት ነው አልኳቸው። ሹፌሩ አባረረኝ።

ተባርሬ ስዞር ሥራ አገኘሁ። ከሐዋሳ የመጡ አጥኚዎች አስተርጓሚ ታሞባቸዋል። ጥናቱ "የወጣቶች ኑሮ፣ ደህንነትና አመለካከት" ይባላል። ኑሮ የለኝም፣ አመለካከት ግን ሞልቶኛል። ጠያቂዋ ሐመልማል ናት።
"ትምህርት እስከ ስንት?"
"እስከ አስረኛ ክፍል... በር።"
ምን ታድርግ? ያዘችኝ።

እማ ስትሰማ፣ "የኦሪቱ አሮን ለሙሴ አፍ ሆነ። የኔው አሮን ለማን ሊሆን ነው?"
"እማ፣ ያኛው አሮን እኮ ጥጃም ሠርቷል።"
"እሱን ነው የፈራሁት።"

ሐሙስ፣ የካቲት 6
ለጥናቱ ጉኑኖ ወረድን። ሐመልማል በአማርኛ ትጠይቃለች፣ እኔ በወላይትኛ። አንድ ጥያቄ አለ... አስር ደረጃ ያለው መሰላል አስብ። ላይኛው ጫፍ ምርጥ ኑሮ፣ ታችኛው የመጨረሻ መጥፎ። አንተ ስንተኛው ላይ ነህ? ሲያልቅ ለመለሰ ሁሉ አንድ ሳሙና ይሰጣል።

እኔ ምን አደረግኩ? በወላይትኛ ሹክ አልኳቸው፦ "አስር ያለ ሁለት ሳሙና ያገኛል።"
አስር። አስር። አስር። በሬው ትናንት የሞተበት ልጅ ሳይቀር፣ አስር።
ሐመልማል ታብሌቷን አየች። እኔን አየች።
"ጉኑኖ ውስጥ የሚከፋው ሰው የለም?"
"አየሩ ጥሩ ነው።"
ወዲያው በሬው የሞተበት መጣ። በአማርኛ፣ ለሷ፦ "ሁለተኛው ሳሙናስ?"
አለቀልኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 7
አላባረረችኝም። ወድዳኝ መሰለህ? ሰው አጥታ ነው። ጉኑኖን እንደ አዲስ ጠየቅን። አስሮቹ ወደ ሦስትና አራት ወረዱ። በሬው የሞተበት፣ አንድ። ሲናገር ወደ እኔ አላየም።

አዲስ ሕግ ወጣብኝ። "እሱ እንዲህ አለ" ማለት ቀረ። መላሹ "እኔ" ሲል እኔም "እኔ" እላለሁ። "ቃል ሳትጨምር" አለች። "ሳትቀንስም።" የሰማሁትን ደግሞ ለማንም አላወራም። በኔ አፍ?

ሰኞ፣ የካቲት 10
ሶዶ። የሚጠየቀው ቤት በዕጣ ሲወጣ፣ ዕጣው ማን ቤት ላይ ወደቀ? ባዳቾ ቤት። አብሮ አደጌ፣ መናኸሪያ ዕቃ የሚጭነው ባዳቾ። አስራ ሁለተኛ ጨርሷል፣ አማርኛው ከኔ ይሻላል። ግን "በወላይትኛ ነው የምመልሰው" አለ። እኔን እያየ። እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ።

"መሰላሉ ላይ?" አለች ሐመልማል።
"ሁለት" አልኩ፣ እንዳለው።
"የዛሬ ዓመት የት የምትሆን ይመስልሃል?"
መለሰ። ተረጎምኩ። "ደቡብ አፍሪካ። በሞያሌ የሚያሻግር ደላላ አግኝቻለሁ። ወሩ ሲያልቅ እወጣለሁ። ታላቅ ወንድሜ በዚያው መንገድ ቀርቷል። ግን እዚህ መቀመጥም ያው መቅረት ነው።"
ሊሄድ መሆኑን የሰማሁት እዚያው ነው... ከራሴ አፍ።
"ሲከፋህ ለማን ትነግራለህ?"
ተናገረ። እኔ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።
"አሮን፣ ምን አለ?"
ሳትጨምር፣ ሳትቀንስም...
"ለማንም አልነግርም። አንድ ጓደኛ አለኝ። ለሱ ብነግረው መናኸሪያው በሙሉ ይስቅብኛል።"
ሳሙናውን ሰጠነው። "አመሰግናለሁ" አለ። ጥርት ባለ አማርኛ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
ባዳቾ አማርኛ እየቻለ ለምን በወላይትኛ? በኔ አፍ እንዲያልፍ ፈልጎ? ቁርሴን ሳልቀልድ በላሁ። እማ "ታምመሃል" ብላ ልትጸልይልኝ ተነሳች።

ሐመልማልን ጠየቅኳት። "አታውራ ብለሽኛል፣ ታዲያ ምን ላድርግ?"
"ለሌላ ሰው ነው ያልኩህ። የነገሩ ባለቤት እኮ ያውቀዋል።"
"እሺ እሱን ምን ልበለው?"
"እሱን እኔ አልተረጉምልህም።"

ቅዳሜ፣ የካቲት 15
ጥናቱ ከሶዶ ወጣ። እኔ ተመልሼ መናኸሪያ። ባዳቾ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀልድ መጣልኝ፣ ሦስቱንም ዋጥኩ። አንዱ በጣም ጥሩ ነበር... ያሳዝናል።
"ወንድምህ ያኔ ሲሄድ ምን ብሎህ ነበር?" አልኩት።
መጀመሪያ አፌን አየ። ሳቅ እየጠበቀ። ከዚያ ነገረኝ። ብዙ ነገረኝ። የሻንቶ መኪና ሁለቴ ሞልቶ ሄደ፣ ማን እንደጠራለት አላውቅም። የነገረኝን እዚህም አልጽፈውም።

ሲጨርስ፣ "ደላላውን እስከ ፋሲካ ቆየኝ እለዋለሁ" አለ። ቀጥሎ፣ "አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው? አስፈራኸኝ።"
"መሰላሉ አሁንስ ስንት ነው?"
"ሦስት።"
"አንዷ ከየት መጣች?"
"ሳሙና ተሰጥቶኝ የለ?"
ሹፌሮቹ ዞረው እስኪያዩን ሳቅን። "ምንድነው፣ ለኛም ንገረን እንጂ አሮን" አሉ።
አልነገርኳቸውም።