ከወጡ ላይ የሚገፈፈው

ጥቅምት 4
ከሐኪም ቤት ስመለስ መገናኛ ታክሲ ጥበቃ እግሬ እስኪደነዝዝ ቆሜ ገርጂ ገባሁ። ሐኪሟ ተቆጥታኛለች። እኔ የስኳር በሽታ ሲባል ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር... እሷ ግን፣ «አባቴ፣ ስኳር ያለበት ሰው ለልቡም ይጠንቀቅ። ቅቤ፣ ጮማ፣ የሚረጋ ዘይት ይቀንሱ» አለችኝ። ልቤ ደግሞ ምን አደረገ?

ለምንትዋብ ነገርኳት። «እኔ ሚስትህ እያለሁ ማን ይገድልሃል!» አለች።

ጥቅምት 9
ቅቤ የሌለው ወጥ አልሠራም ብላ ድርቅ! «እንግዳ ቢመጣ ምን ይለኛል?» ግን ዘዴ አላት። ከወጡ ላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ ትገፍፍና የቀረውን ለእኔ ታወጣለች። የተገፈፈው ወደ ራሷ ሰሃን።

«ድፊው እንጂ» ስላት፣
«እህል ይደፋል? ግፍ ነው!» እንጀራዋን አርሳ በላችው። ቀናሁባት፣ ምን እዋሻለሁ።

ጥቅምት 23
ምንትዋብ ውኃ ውኃ ትላለች። ጠጥታ አትረካም። ደረጃውን ስንወጣ መሃል ላይ ቁጭ አለች። ልጃችን ሳምራዊት ደውላ፣ «እማዬ፣ አንቺም ተመርመሪ እንጂ» ብትላት፣
«እኔ ምን በወጣኝ! ይልቅ ለአባትሽ ጸልዪ።»
እኔም ሳቅሁ።

ኅዳር 2
ስኳሬም ኮሌስትሮሌም ወርዷል። «ጎበዝ አባቴ!» አለች ሐኪሟ። ምንትዋብ እልል አለች። ደረቷን ታሻለች ግን... «ጨጓራዬ ነው፣ ተወኝ።» ተውኳት።

ኅዳር 7
ቀበርናት።

ኅዳር 11
ልብ ነው አሉ። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም፣ «ስኳር እንዳለባቸው አታውቁም ነበር?» አለኝ። ስኳር ያለብኝ እኔ ነኝ አልኩት። እኔ ነኝ እኮ!
ምንቴ፣ እኔን ስትጠብቂ አንቺንስ ማን ጠበቀሽ? ውኃ ውኃ ስትይ አጠገብሽ አልነበርኩም?

ታኅሣሥ 29
ገና። ሳምራዊት ከጎሮ ዶሮ ወጥ ይዛልኝ መጣች። እጇ የእናቷ... ቀዩ ቅባት ላዩ ላይ ተኝቷል። ማንኪያ አንስቼ እንደ ምንትዋብ ገፈፍኩ። ልጄ ሰሃኗን አስጠጋች።

«ወዲህ አድርገው አባዬ፣ ግፍ ነው።»

ተነስቼ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። አፏን ይዛ አየችኝ። ነገ ጠዋት ደሟን ልታስመረምር አብረን እንሄዳለን፣ እንቢ ማለት የለም አልኳት።

«ግፉንም» አልኳት፣ «በእኔ ይሁን።»