ኤልድን ያልተከለው ምሰሶ

ውድ ሎሪን፣

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልልከውም። ሃያ ሁለት ዓመት ፖስታችንን ባመላለስሽበት መንገድ ይቅርታ ለመላክ ፊት የለኝም።

ጎረምሶቹ ከመኪና መስኮት በቤዝቦል ዱላ እየመቱ መንገድ ዳር የቆመውን የፖስታ ሳጥናችንን ለሦስተኛ ጊዜ የሰበሩ ዕለት፣ የባሌን የኤልድንን የልብ መድኃኒት ከቦዩ ውስጥ የለቀምሽልን አንቺ ነሽ። እኔ በንዴት ጦፌ ነበር።

"አሁንስ በብረት ነው የማቆመው! እጃቸውን ሲነዝራቸው ይማራሉ" አልኩሽ።

"ተይ ቬርና! የሳጥን እግር ሲገጩት መሰበር አለበት። በረዶ የሚያንሸራትተው ሰው አለ።"

"የሚንሸራተት ቀስ ብሎ ይንዳ!"

"አንቺን መምከር ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው" ብለሽ እየሳቅሽ ሄድሽ።

ኤልድንን በጥቅምት ቀበርነው። በሳምንቱ የድሮውን የውሃ ጉድጓድ የብረት ቧንቧ ቆርጬ፣ በሲሚንቶ ሞልቼ ለሳጥኑ እግር አድርጌ ተከልኩት። ባሌን ስላጣሁ ዓለምን ሁሉ መቅጣት አምሮኝ ነበር። ጎረምሶቹ ግን አልመጡም። በጥር በረዶ መኪናሽ ተንሸራቶ የገጨሽው አንቺ ነሽ። ምሰሶው ንቅንቅ አላለም፤ የተሰበረው እግርሽ ነው።

ፖሊሱ ሆስፒታል መጥቶ "ማነው የተከለው?" ሲል፣ "ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና" አልኩ። ሙት አይከራከርም። አንቺም ከአልጋሽ ላይ ዓይኔን እያየሽ፣ "ምስኪን ኤልድን፣ ለእሷ አስቦ እኮ ነው" አልሽ።

በየቀኑ በደጄ ታልፊ ነበር። ያ ብረት ከቀብሩ በኋላ እንደቆመ ካንቺ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አውቀሽ ነው የዋሸሽልኝ። እኔ ግን ሾርባ አጉርሼሽ፣ አፌን ዘግቼ ወጣሁ። ያቺን የፖስታ መኪና ዳግም እንደማትነጂ ስሰማም ዝም አልኩ። በራሴ አፈርኩ፤ ኤልድንንም በመቃብሩ አሳፈርኩት።

ትናንት ፖሊሱ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ። ምሰሶውንም በትራክተር ነቅዬ፣ ቀጭን የጥድ እንጨት ከተከልኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ቅዳሜ ጎረምሶቹ መጥተው ድቅቅ አደረጉት። እየተሳደብኩ ወጥቼ ስብርባሪውን ሳነሳ እንባዬ መጣ። እንጨቱ እንዴት በቀላሉ ይሰበራል፣ ሎሪን! ሌላ ተክያለሁ።

ይህን በበርሽ ስር አስገብቼ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ባትከፍቺልኝ አልቀየምም።

ምሰሶውን የተከልኩት እኔ፣
ቬርና