ለባጃጅ ክላክስ የመለሰው ባቡር

ይድረስ ለአብዬ ሰይድ፣ ፍሬንም ክላክስም በማያስፈልግበት አገር ላለኸው ለሆዴ።

አሰላሙ ዓለይኩም። ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ገባ፤ መካነ ሰላምም እንደ ልማዷ ጭቃዋን ለብሳለች። እኔ ከድጃ ነኝ፤ ያቺ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመችው፣ አንተ "እሷ ብታቆምም ምላሷ ዩኒቨርስቲ ገብቷል" የምትላት ልጅህ። ፊደል ብስት እንዳትስቅብኝ። አንተም ብትሆን ስምህን ስትፈርም የዶሮ ጭረት ይመስል ነበር።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ጣሪያው እዚያው ቦታ ላይ እንዳፈሰሰ ነው። አንተ "ነገ እወጣለሁ" እያልክ የኖርክበትን ቀዳዳ፣ እኔም "ነገ" እያልኩ ወርሼዋለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የምጠግንበት፣ ዘፈንና መንዙማ የምጭንበት ትንሽ ሱቅ ከፍቻለሁ። ከበሩ በላይ ምን እንደሰቀልኩ ብታይ! ከአይሱዙህ የተረፈችውን የኋላ ጣውላ፣ "የቸኮለ ይቅደም" የሚል የተጻፈባትን። ባቡሩ ሌላውን ሁሉ ሲያደቀው እሷን ጭረት እንኳ አላስነካትም። አንብቦ የቀደመ ይመስላል።

ደንበኛው ሁሉ ስለ ጣውላዋ ይጠይቀኛል፤ እኔም አወራለታለሁ። እኔ ሲደክመኝ አያ ሞላ ይቀጥላል፤ ያ በአንድ መንገድ ስትነዱ አብራችሁ የሸበታችሁት ጓደኛህ። ባለፈው ሲያወራ ባቡሩ ሁለት ሆኖ ነበር። ተውኩት። አንተም ብትኖር ሦስተኛ ትጨምርበት ነበር እንጂ አታርመውም።

ታሪኩን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን እኔ ስወደው ጊዜ ልድገመው።

ወደ አባይ ሸለቆ በሚወርደው ጠመዝማዛ፣ ሁለት መኪና ጎን ለጎን በማያሳልፈው ቦታ፣ እናንተ የአገራችን ሹፌሮች ማንም ያልጻፈው ሕግ አላችሁ። ኩርባው ጋ ከመድረስህ በፊት አንዴ ክላክስ ታደርጋለህ። ከወዲያ የሚመጣ ካለ እሱም አንዴ ይመልሳል። መልሱ "ሰምቻለሁ፤ ቆሜያለሁ፤ እለፍ" ማለት ነው። ከዚያ ታልፋለህ፤ እጅህን በመስኮት አውጥተህ ታመሰግናለህ፤ አለቀ። ዕድሜህን ሙሉ በዚህ ሕግ ነድተህ ማንም አልነካህም። እኔንም አስተምረኸኛል። ከወረኢሉ በኩል ስትመለስ ከኮረብታው ላይ አንዴ ክላክስ ታደርጋለህ፤ እኔ ጓሮ ሮጬ ወጥቼ የድስት ክዳን በጭልፋ እመታልሃለሁ። "መንገዱ ክፍት ነው፣ ግባ" ማለቴ ነው። እማ የክዳኖቿን መጎርበጥ አይታ ሁለታችንንም ስትረግም ትውል ነበር።

ታዲያ ያን ጊዜ ከአዋሽ ማዶ ቆላ ወርደህ ሽንኩርት ጫንክ። ከእርሻው ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው ኮረኮንች መንገድ ሀዲዱን ያቋርጣል። መዝጊያ የለው፣ ዘበኛ የለው፤ ቁጥቋጦው ደግሞ ግራ ቀኙን ጋርዶታል። አንተም እንደ ደንብህ አንዴ ክላክስ አደረግክ። ባቡሩም እንደ ደንቡ ጮኸ። "እንዴት ያለ ጨዋ ሹፌር ነው!" ብለህ እጅህን በመስኮት አውጥተህ እያመሰገንክ ገባህለት።

አብዬ፣ ባቡር የመታው ሰው ሞልቷል። ባቡርን እያመሰገነ የተመታ ግን አንተ ብቻ ነህ።

ደግነቱ ያገኘው የመኪናህን ኋላ ነው። ጋቢናው አንተን እንደያዘ ተገንጥሎ ቦይ ውስጥ ተጋደመ፤ የሽንኩርቱ ጆንያ ሁሉ ፈነዳ። ዓይንህን ስትገልጥ የሰፈሩ ሰው ከቦህ ያለቅሳል። "ሞቻለሁ ማለት ነው፤ የማያውቁኝ ሰዎች ደግሞ እንዴት ይወዱኛል!" ብለህ ተገረምክ። ከጋቢናው የጎተተህ ጎረምሳ ነው እንባውን በእጅጌው እየጠረገ "አይዞዎት አባባ፣ አልሞቱም፤ ሽንኩርቱ ነው" ያለህ።

ጎረምሳው ጀማል ነበር። ሆስፒታል አንተን ሊጠይቅ መጥቶ እህቴን ፋጡማን አያት፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው አንተን ይሁን እሷን መለየት አቃተን። ሽማግሌ ሲልክም "የምን ሽማግሌ? ባቡሩ ቀድሞ መጥቶ እግሬን ሰብሮ ለምኖልሃል" ብለህ ሰጠኸው። እዚሁ ደጃችን በተጣለው ዳስ፣ የሚያነክስ እግርህን እየጎተትክ ስትጨፍር ደህና እግር ያለውን ሁሉ አሳፈርከው። ባቡሩም በየወሬህ እየረዘመ ሄዶ፣ ጭራው አጅባር ገበያ ሳለ አፍንጫው ወረኢሉ የደረሰ አውሬ ሆነ። ከዚያ ባቡር ያልቻለህን ሰውዬ ኩላሊት ቻለህ። በዚህ አልቀልድም። ዛሬ ሌላ የምቀልድበት ብዙ ስላለኝ ልለፈው።

እማ የአደጋው ወሬ በደረሳት ቀን ወደ ቂብላ ዞራ "ወላሂ፣ በሕይወቴ ሀዲድ አልሻገርም" ብላ ምላለች። አንተ ስትድን የምትተወው መስሎን ነበር። ካለፍክ በኋላ ጭራሽ ጠናባት። "ከተሻገርኩት አፉ አልኩት ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ይቅር አላልኩትም" ትላለች። የአደባባዩን ሰው ሁሉ አፉ የምትል ሴት፣ ፍየላችንን ለሰረቀው ሌባ እንኳ ዱዓ ያደረገች ሴት፣ ከአንድ ብረት ጋር ተኳርፋ ቀረች።

ሌላም ነገር ቀረባት። ካንተ ወዲህ ፈገግ ትላለች እንጂ በድምፅ አትስቅም ነበር። ያንተን ቦታ ይዤ ያልሞከርኩት ተንኮል የለም። የስኳሩን ዕቃ በጨው ሞላሁት፤ ጨው ያለው ሻይ ጠጥታ "አልሐምዱሊላህ" አለችና ቁጭ። የአያ ሞላን ድምፅ አስመስዬ ደወልኩላት፤ "ከድጃ፣ ራትሽን ነይ ብዪ" አለችኝ። በመጨረሻ ስልኳ ላይ የባቡር ጩኸት ጫንኩባት። ሰው በደወለ ቁጥር ቤታችን ውስጥ ባቡር ይገባል። የመጀመሪያ ቀን የሽሮውን ድስት ጥላ ጓሮ ሮጠች፤ ተመልሳ ማማሰያውን ይዛ እኔን እስከ መናኸሪያው አሯሯጠችኝ። ቀይሪው ግን አላለችም። ለምን እንደሆነ እንጃ። ቆይቶ ለመደችው፤ ባቡሩ ከጉያዋ ሲጮህ "ኧረ መጣሁ፣ ምን ያንጫጫሃል" እያለች ታወጣዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልምጣ። ፋጡማ ወለደች! ደንቡ ለመጀመሪያ ልጅ ወደ እናቷ ቤት መምጣት ነበር፤ ሐኪሙ ግን መንገድ ከለከላትና እዚያው ቆላ ወለደች። ሴት ልጅ፤ ማሻአላህ በል። ፋጡማ ደውላ እያለቀሰች "እማ መጥታ ካላቀፈቻት ስም አይወጣላትም" አለች። የጀማል ቤት ደግሞ ከሀዲዱ ወዲያ ነው፤ ከዚያችው ማቋረጫ ሌላ መንገድ የለውም።

እማ ወሬውን ሰምታ ተነሣች። የገንፎ ዱቄት አዘጋጀች፤ ቅቤ አነጠረች፤ ሁሉንም ቋጥራ በሩ ላይ አስቀመጠችና "አንቺ ውሰጂላት። እኔ አልሄድም" አለች። ፊቷን ዞር ያደረገችው እንባዋን እንዳላይባት ነው። እኔ መለማመጥ አላውቅበትም፤ ካንተ አልወረስኩትም። "እሺ፣ እኔ አርሳታለሁ። ገንፎውንም እኔ አገነፋላታለሁ" አልኳት።

እማ ቀና ብላ አየችኝ። ድመቷ አሽትታ የሸሸችውን የእኔን ገንፎ አስታወሰች መሰለኝ፣ ወዲያው ጫማዋን አወጣች። የእኔ ገንፎ ከባቡር ይከፋል ማለት ነው። "ግን እስከ ሀዲዱ ድረስ ነው" አለች ጣቷን ቀስራ። "ልጅቷን አምጥተው ከወዲህ ያሳዩኝ።"

አያ ሞላ እስከ ደሴ በመኪናው ወሰደን። ሲሸኘን "እንቱ ዘሀራ፣ ባቡሩን ሰላም በሉልኝ፤ የሰይድን እግር ይመልስ ብሏል ሞላ በሉልኝ" አላት። እማ ከንፈሯን ብቻ ነከሰች። ከዚያ በአውቶቡስ ወረድን። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ እማ ዱዓዋን እየጨመረች፣ አዋሽን ስንሻገር ከንፈሯ ደርቆ ነበር።

ጀማል ባጃጁን ይዞ አስፋልቱ ዳር ጠበቀን። ባጃጅ እየነዳ ነው የሚኖረው አሁን። ወደ ኮረኮንቹ ገባን። ያው መንገድ፣ ያው ቁጥቋጦ። ሀዲዱ ከመድረሱ በፊት እማ የጀማልን ትከሻ መታ አድርጋ "ቁም" አለች። ቆመ። "ሞተሩን አጥፋው።" አጠፋው። ወረደች፤ እኔም ተከትያት ወረድኩ። ሀዲዱ ላይ ምንም የለም። ከዳር ሁለት ፍየሎች ቅጠል ይቀነጥሳሉ።

"ባዶ ነው እማ፣ እንለፍ" አልኳት። እሷ ቦዩን አየች። አንተ የተጋደምክበትን ቦታ ማንም ሳያሳያት አወቀችው። ወደ ኋላ የምትመለስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወደ ጀማል ዞራ "እስቲ ክላክስ አድርግ" አለችው።

ጀማል እኔን አየኝ። እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። አደረገ። አብዬ፣ የባጃጅ ክላክስ ታውቀው የለ? ጢጥ! ፍየሎቹ እንኳ ቀና አላሉም። "ድገም" አለችው። ጢጥ!

ያኔ ከሩቅ፣ ከቁጥቋጦው ወዲያ፣ ባቡሩ መለሰ።

እማ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እጇን ጉያዋ ከታ ስልኳን አወጣች። ጆሮዋ ላይ ለጥፋ "አሎ! አሎ! ማን ልበል?"

እኔ መሬት ላይ ተዘረፈጥኩ። ጀማል መሪው ላይ ተደፋ። ባቡሩ እየቀረበ መጣ፤ ጠጠሩ ከሥራችን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይኸኔ እማም አየችው፤ ገባት። ስልኩን ግን ከጆሮዋ አላወረደችም። ሻሿን በአንድ እጇ ይዛ፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ቆማ፣ ጎረቤት እንደምታናግር ረጋ ብላ ተናገረች።

"ሰምተናል" አለች። "ቆመናል። እለፍ።"

አለፈ። ለባቡሩ ይሁን ላንተ የተናገረችው፣ እኔ ሁሉን የምለፈልፈው ልጅህ እንኳ አልጠየቅኳትም።

የመጨረሻው ፉርጎ እስኪርቅ አየችውና ወደ እኔ ዞረች። "ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው እማ።"

"ጭራው አጅባር ሳለ አፍንጫው ወረኢሉ ደርሷል ያለኝ ሰውዬ! ይኸ እኮ ከገበያችን ጫፍ ጫፍ አይደርስም! የሰይድ ውሸት!" አለችና ሳቀች። በድምፅ፣ ሆዷን ይዛ፣ ባጃጁን ተደግፋ። ፍየሎቹ አሁን ቀና አሉ።

ጀማል "ግቡ እንሻገር" ሲል "እኔስ በእግሬ ነው" አለች። ልጅቷን ከወዲህ አምጡልኝ ያለችውን እኔም አላስታወስኳትም። ግራ ቀኙን ደጋግማ አየች፤ ቢስሚላህ ብላ ቀኝ እግሯን አስቀደመች፤ የተኛ ሰው እግር እንደሚሻገር ቀሚሷን ሰብስባ ሀዲዱን አለፈችው። ማዶ ደርሳ ዞር ብላ "አፉ ብዬሃለሁ። ግን እንዳይለምድህ!" አለችው።

ልጅቷ ሰዓዳ ተባለች። እኔ ባቡሪቱ ትባል ብዬ ተከራክሬ ተሸነፍኩ። ስታለቅስ ግን ቤቱን ሁሉ ስለምታስለቅስ የእኔ ስም ሽንኩርቴ ነው። አፍንጫዋ ያንተ ነው፤ አላህ ይርዳት። እማ ላፈረሰችው መሐላ ሦስት ቀን ጾማ፣ አራሷን ልታርስ እዚያው ቀርታለች። ጀማል እንደሚለኝ ባቡሩ በጮኸ ቁጥር ከደጅ ብቅ ብላ "እለፍ" ትለዋለች። እሱም ይታዘዛታል።

እኔ ወደ ሱቄ ተመልሻለሁ። ጣውላህን ዝናብ እንዳያበሰብሳት ዘይት ቀብቻታለሁ፤ ከሥሯ ያን የጎረበጠ የድስት ክዳን ሰቅያለሁ። ከኮረብታው ላይ አይሱዙ ክላክስ ባደረገ ቁጥር ወጥቼ እመታለታለሁ። አዲሶቹ ሹፌሮች "የሰይድ ልጅ ለየላት" ይላሉ፤ የድሮዎቹ እጃቸውን በመስኮት ያወጣሉ። ሽንኩርቴ ስታድግ ታሪክህን የምነግራት እኔ ነኝ። ባቡሩን ስንት እንደማደርገው ገና አልወሰንኩም። አንዱን ነገር ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራታለሁ፦ ሀዲድ ላይ የሚመልስልሽ ካለ፣ የምትቆሚው አንቺ ነሽ።

እስከዚያው አልረሳህም፤ ብረሳህም ጣውላህ ራሴ ላይ ትወድቅና ታስታውሰኛለች። ይቺ ደብዳቤ የእኔ ጢጥ ናት፣ አብዬ። መልስ ግን እንዳትልክልኝ አደራ። ባንተ ሕግ መልስ ማለት "ነይ፣ እለፊ" ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ገና ጣሪያ የምደፍን ልጅ ነኝ። የቸኮለ ይቅደም።

ክዳን መቺህ፣
ከድጃ