ዱዓ ያስገባኋቸው እንግዶች

ደሴ፣ ኅዳር 19 ቀን 1931

ሰኞ። ገበያው ዛሬም ጢም ብሏል። ሆቴሉ በር ላይ ቆሜ ዋልኩ። አንዱ ጣሊያን ዶሮ ሲገዛ አፍ ሆንኩለት። ባለዶሮዋ እስከ ሰባት ቤቱ ረገመችው። «ጤና ይስጥህ ትላለች» አልኩት። ባርኔጣውን አነሳላት። እንጀራዬ ይኸው ነው፣ ሰውን ከሰው ሳያጣሉ መዋል።

ከሰዓት ባለሆቴሉ ጠራኝ። አንድ ሲኞር ከነሚስቱ ከሮም መጥቷል። ተራራ፣ የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ የባላገሩን ኑሮ ማየት ይሻሉ። ደስ ካላቸው ወደፊት ሌሎችንም እያመጡ ሊያስጎበኙ ነው። «ሞላልኝ፣ መንገዱን ታሳያለህ» አለኝ። ጠየቀኝ አይባልም።

ለሚስቴ ለአልጣሽ ስነግራት ሽንኩርቷን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። «አገር እየነደደ ሽርሽር?»

ምን ልበላት? እምቢ ብል ነገ ሌላ ሰው በቦታዬ ቆሞ አገኘዋለሁ። ደግሞ በወረባቦ ካለፍን አክስቴን አያታለሁ። ጦርነቱ ከገባ ወዲህ አላየኋትም።

ኅዳር 21

ጽዮንን ሳልሳለም በካሚዮን ኮምቦልቻ ወረድን። ሙቀቱ ያበሳጫል። በቅሎዎቹን ያመጣው የደጋኑ ጀማሉዲን ነው፣ የድሮ ወዳጄ። ሲጭን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እኒህ ሰዎች ምን ጠፍቷቸው ነው?»

«ተራራ ሊያዩ ነው።»

«አገራቸው ተራራ የለም?»

«አለ ይላሉ።»

«ታዲያ?»

እኔም እሱን እያሰብኩ ነው።

ኅዳር 22

ሽቅብ። ሽቅብ። ሽቅብ... ጉልበቴ አለቀ። ሲኞሩ ያፏጫል። ሰውየው አይደክመውም፣ አይከፋውም። ዋርካ ሲያይ ይጮሃል፣ ዝንጀሮ ሲያይ ይጮሃል። ሲኞራዋ ዝምተኛ ናት። አገሯ አስታማሚ ነበረች አሉ። የመድኃኒት ሣጥን ይዛለች፣ መንደር በገባን ቁጥር የሕፃናቱን ዓይን ታጥባለች። እሷን ወደድኳት፣ ለምን እዋሻለሁ?

አንዲት ሴት ውሃ ቀድታ ዳገት ስትወጣ ሲኞሩ ፎቶ ሊያነሳት ፈለገ። ፀሐይዋ አልተስማማችውም፣ አስወረዳት። እንደገና አስወጣት። እንደገና አስወረዳት።

«ምን አድርጌው ነው?» አለችኝ እንስራዋን እንደተሸከመች።

«ታምሪያለሽ ይላል።»

«ካማርኩት ለምን አይሸከምልኝም?»

ይህንን አልተረጎምኩም።

ኅዳር 23

ቢስቲማ ከመግባታችን በፊት በተቃጠለ መንደር አለፍን። ግድግዳው ብቻ ቆሟል። ሲኞሩ «የጥንት ፍርስራሽ ነው?» አለኝ። ሽታው ገና አልለቀቀም እኮ። ጀማሉዲን በቅሎዎቹን መታ መታ አድርጎ አሳለፋቸው።

ከኮምቦልቻ የተከተሉንን ጠባቂዎች፣ የጣሊያን አስካሪዎቹን፣ ቢስቲማ አስቀረናቸው። እኔ ነኝ የመከርኩት። ጠመንጃ ያየ ባላገር ጫካ ይገባል፣ የምታዩት ባዶ ቤት ይሆናል አልኩ። «የምንሄደው አክስቴ ዘንድ ነው፣ ዋስ እኔ ነኝ።» ሲኞሩ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

ኅዳር 24

አክስቴ ኡሙሰልማ ከሥታለች። የእናቴ ታናሽ ናት፤ ድሮ ስሟ ወርቅነሽ ነበር፣ ባሏን ተከትላ ሰለመች። እሱ ከሞተ ቆይቷል። አንገቴን አቅፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ፈረንጆቹን አየች።

«ያንተ ናቸው?»

«የኔ እንግዶች ናቸው።»

«ያንተ ከሆኑ የኔም ናቸው።»

ሌላ አልጠየቀችም። ጾም መሆኔን ሳልናገር ለኔ ለብቻዬ ሽሮ አሠራችልኝ። ልጇን በሺርን አጣሁት። «የት ሄደ?» ብላት ወጥ ልታማስል ተነሳች። ሸፍቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ከዐሱር ሶላት በኋላ ሰፈሩ ለእንግዳ ሲል ለወዳጃ፣ ለጋራው ዱዓ፣ ተቀመጠ። ሲኞሩ ካላየሁ አለ። ዱዓውን የሚመሩትን አባገር አስፈቀድኩ። «እንግዳ ከዱዓ አይመለስም፣ ግቡ» አሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም አለ። የገደሉ ጊዮርጊስ ቄስ፣ አባ ወርቅአፈራሁ ሳይቀሩ ጥግ ይዘዋል።

ደንቡን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ዱዓ የገባ ሰው ሐጃውን፣ የጨነቀውን፣ አፉን ሞልቶ ይናገራል። ሰው ያልሰማውን ሰው እንዴት አሚን ይለዋል? የደበቀ የሌላውንም ዱዓ ያበላሻል።

ጎረቤቷ ዘሀራ ልጅ ለመነች። አሚን ተባለ። አንዱ ስለ ማሽላው ለመነ። ለሲኞሩም ተራ ደረሰው። «መንገዱ ይመርልኝ» አለ። አሚን ተባለለት፣ ከልባቸው።

ከዚያ አክስቴ። አንድ ጊዜ ወደኔ አየች። ነጠላዋን አነጠፈች።

«በሺሬ እግሩን በጥይት ተመቷል። ጊዮርጊስ ጀርባ ዋሻው ውስጥ ነው። ቁስሉ ሸትቷል። ያረቢ፣ እግሩን ከፈለግህ ውሰደው፣ ነፍሱን ተውልኝ።»

አሚን አሉ። አጠገቤ ሲኞራዋ፣ «ምን ብላ ነው የምታለቅሰው?»

«ጥጃዋ ታሞባት ነው።»

«ለጥጃ?»

«ለደሃ ጥጃ ልጅ ነው።»

እንዴት ፈጥኖ መጣልኝ? ላቤ ግን እስከ ወገቤ ወረደ።

ኅዳር 25

ጠዋት ሲኞራዋ ሣጥኗን ከፍታ ጠበቀችኝ። ጥጃውን አሳየኝ ትላለች። ጥጃ ከየት ይምጣ? የአክስቴን ከብት ወታደሩ ነድቶ ጨርሶታል። ግጦሽ ሄዷል አልኳት። «የታመመ ጥጃ?» አለችና ሣጥኗን ዘጋች። ሞኝ አይደለችም።

ከአክስቴ ጋር ወደ ዋሻው ወጣሁ። ሽታው ከደጅ ተቀበለን። በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ ጺም አብቅሏል። አባ ወርቅአፈራሁ ቁስሉን በፈላ ቅጠል ያጥባሉ። ጥይቱ ውስጥ ቀርቷል። «ሳምንት አይሞላም» አሉኝ ወደ ዋሻው አፍ ወስደው።

የሲኞራዋን የመድኃኒት ሣጥን ነገርኳቸው። በሺር ሰማኝ።

«ሞላልኝ፣ እንዳታመጣት። እኔስ ሟች ነኝ፣ አባን አታስጨርሳቸው።»

አክስቴ ደግሞ ክንዴን ይዛ፣ «አምጣት። ሴት ናት። እናት ስትለምናት ታውቃለች።»

አባን አየኋቸው። «እኔ ሸምግያለሁ» ብቻ አሉ።

ሁሉም ወደኔ ያያሉ። ለምን ወደኔ? ቋንቋ ስላወቅሁ? በዚህች ሴት ዓይን ውስጥ ክፋት አላየሁም። ግን ዓይን ምን ይታመናል...

ነገ እወስዳታለሁ።

ኅዳር 26

ለሲኞሩ አበባ ልትለቅም ነው አልኩት። አክስቴ ፊት ፊት፣ ሲኞራዋ መሀል፣ እኔ ከኋላ። ስታየው ቆመች። ቁስሉን አየች፣ እኔን አየች፣ ጥጃ የሚለውን አላነሳችም። እጇን ታጠበችና ተንበረከከች።

በሺር ጨርቅ ነክሶ ቻለው። ጥይቱን አወጣችው። ነጭ ዱቄት ነሰነሰችበት፣ አሰረችው፣ የሚዋጠውንም ለአባ በእጃቸው ሰጠች። አክስቴ ጉልበቷን ስትስም አብረው አለቀሱ። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም።

ስንወርድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ምንም አላየሁም» አለችኝ።

አመንኳት። አሁንም ውሸት ነበር አልልም።

ኅዳር 27

ትኩሳቱ በረደ። ገንፎ ቀመሰ። አክስቴ ስትሸኘን ለሲኞራዋ የአንገቷን ጨሌ አጠለቀችላት። ሲኞሩ ፎቶ አነሳቸው።

ኅዳር 29

ኮምቦልቻ። ትናንት ከመንገድ ገባን። ዛሬ መኮንኖቹ እንግዶቹን ምሳ ጋበዙ፣ እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ ከኋላ ቆምኩ።

ሲኞሩ ያወራል። ስለ ዝንጀሮው፣ ስለ እንስራዋ ሴት... ገበታው ይስቃል። ከዚያ ዱዓው ላይ ደረሰ። «ሁሉም ጭንቀቱን ይናገራል፣ አንዷ አሮጊት ታለቅሳለች። አስተርጓሚያችን ጥጃዋ ታሞ ነው ይለናል። ባለቤቴ ልታክመው ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ ዋሻ ድረስ ወጣች። ጥጃው ጺም ነበረው!»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ነግራዋለች። አልጋ ላይ ይሁን መንገድ ላይ፣ ለባሏ ነግራዋለች።

አንድ ሻምበል ብቻ አልሳቀም። ለስለስ ብሎ፣ «ዋሻው የቱ ቤተ ክርስቲያን ጋ ነው? እኔም ባየው ደስ ይለኛል» አለ። ሲኞሩ ደስ አለው። መንገዱን ከቢስቲማ ጀምሮ አስረዳው፣ የቱ ጋ ውሃ እንዳለ፣ የቱ ጋ በቅሎ እንደሚያዳልጣት። የራሴን ቃል ነው የሚደግመው፣ እኔ የነገርኩትን። ሲኞራዋ ሳህኗን እያየች ቀረች።

ውሃው ከብርጭቆው አልፎ ገበታው ላይ ፈሰሰ። ሰደቡኝ።

እንደወጣሁ ወደ ጀማሉዲን ሮጥኩ። ጨርሶ ሳይሰማኝ በቅሎዋን ጫነ። «ወላሂ ሳልደርስ አላድርም» አለ። እኔም አብሬው ልሂድ ስል ሲኞሩ አስጠራኝ። ጓዙን ወደ ደሴ ላስጭን።

ለምን ሄድኩ? ለምን ጓዝ ተሸከምኩ?

ታኅሣሥ 1

ወሬ የለም። እህል አልወርድ አለኝ። አልጣሽ ምን ሆነሃል ትለኛለች። ነገርኳት።

ታኅሣሥ 3

ጀማሉዲን መጣ። በእግሩ። በቅሎዋ መንገድ ላይ ወድቃበታለች። ውሃ ሰጠሁት፣ አልጠጣም።

«እነሱ እስከ ቢስቲማ በካሚዮን ሄዱ። እኔ በበቅሎ... ሞላልኝ፣ አልደረስኩም።»

በሺርንና አባ ወርቅአፈራሁን ጊዮርጊስ ደጅ ላይ ረሸኗቸው። ሰፈሩን አውጥተው እያየ። አክስቴን ቁስሉን ማን አሰረለት ብለው ገርፈዋታል። «እኔ» አለች። ነጩ ፋሻ እየታየ፣ «እኔ» አለች። እንግዳዋን አልጠራችም።

ይህን ሲነግረኝ ጀማሉዲን አለቀሰ። እኔ እንባ አልወጣልኝም።

ታኅሣሥ 7

ሲኞራዋ ሆቴሉ በር ላይ አገኘችኝ። ጨሌው አንገቷ ላይ ነው።

«ልጁ ዳነ?»

ነገርኳት። ሳላሳምር። በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ ተርጉሜ አላውቅም። ፊቷ ነጣ።

«ስሙን እኮ አልነገርኩም» አለች። «ለባሌ ብቻ ነው... ስሙን አልነገርኩም።»

ልጮህባት አፌን ከፈትኩ።

ሲኞሩ ከኋላዋ መጣ፣ ደስ ብሎታል። በጥር ስምንት ሰው ይመጣለታል። ያው መንገድ፣ ያው መንደር። «ጸሎቱ እንዳይቀር» አለኝ። አልሄድም አልኩት። ባለሆቴሉ የበሩን ቁልፍ ተቀበለኝ። ማታውን በቦታዬ ሌላ ሰው ቆሟል።

ታኅሣሥ 15

ለቅሶ ልደርስ ብቻዬን ወጣሁ። የመጣው ይምጣ ብዬ። ቢወግሩኝ ደስ ባለኝ።

ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ተነስተው ተቀበሉኝ። ዘሀራ እግሬን አጠበችኝ። አክስቴ ለብቻው ሽሮ አሠርታ አቀረበችልኝ። ጀርባዋ ገና አልሻረም፣ ጎንበስ ስትል ትንፋሿን ትይዛለች። እግሯ ላይ ወደቅሁ። ጎትታ አነሳችኝ።

«አብሽር» አለችኝ። እሷ፣ እኔን።

ከዐሱር በኋላ ሰዉ መሰብሰብ ጀመረ። የዱዓው መደብ ተነጠፈ። እኔም ልቀመጥ ጫማዬን አወለቅሁ። አባገሩ አቀርቅረው መቁጠሪያቸውን ነካኩ። የገባው ሁሉ ወሬውን አቆመ። አክስቴ እጄን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችኝ።

«ልጄ፣ አልተቀየምኩህም። አላህ ያውቃል፣ አምጣት ያልኩህ እኔ ነኝ። ግን አንተ ካለህ አፌ አይከፈትም። የሌላውም እንደዚያው ነው። ዘሀራ ቤት አልጋ ተነጥፎልሃል፣ እዚያ ረፍ።»

ሲኞሩና ሲኞራዋ ያደሩበት አልጋ ነው። አልተኛሁበትም። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በሩን ዘጉት። አንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይናገራል፣ ማን እንደሆነ አይለይም፣ ቃሉም አይሰማም። ከዚያ አሚን ይላሉ። ደግሞ ሌላ ድምፅ። ደግሞ አሚን።

የአክስቴን ድምፅ ለየሁት። ብዙ ተናገረች። ለበሺር ነፍስ ይሆናል፣ ለአባም ነፍስ። በሲኞሩ ላይ ይሆናል። በኔም ላይ ሊሆን ይችላል፣ ቢሆን አይፈረድባትም። አንድም ቃል አልሰማሁም።

አሚን ሲሉ እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ።