ታሉኩ ከተሻረ ወዲህ

ለልጄ ለሱሪባቡ፣ የኩዌት ሙቀት ሳይጎዳህ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ በጣም ደህና ነን።

ሰፊው አውራጃችን፣ ታሉኩ፣ ተሽሮ ማንዳል በሚባሉ ትንንሽ ወረዳዎች ተከፋፈለ። የማንዳላችንን ቢሮ ለጎረቤት መንደር ሊሰጡት ሲሉ፣ ሴቶቹን አስከትዬ የሹሙ ጂፕ ፊት ቁጭ አልኩ።

«እናቴ፣ ይነሱልኝ» አለኝ።

«ቢሮውን ይስጡንና እነሳለሁ» አልኩት። ሰጠን። ከእንግዲህ ለመሬት ጉዳይ ከተማ ድረስ መንከራተት ቀረ።

አባትህም እንደ ወትሮው ታታሪ ነው። ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ዕድሜውን ሙሉ በር ወደጠበቀበት ወደ ታሉኩ ቢሮ በአውቶቡስ ይሄዳል።

«ተዘግቷል እኮ» ስለው፣ «ታዲያ እኔ ካልሄድኩ ማን ሊከፍተው ነው?» ይለኛል። ደግነቱ ሾፌሩ እየመለሰ ያመጣልኛል።

ለሳንክራንቲ በዓል ስትመጣ፣ ገና ከደጅ ስምህን ጮክ ብለህ ለአባትህ ንገረው፤ በረንዳችን ትንሽ ጨለም ይላል።

በጤና ያገናኘን።

እናትህ ማንጋታያሩ