በፀሐዩ ፀ

ኮልፌ፣ 18 ማዞሪያ
ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ላይፕዚግ ላለኸው ለውዱ ባለቤቴ ለሀብተማርያም፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህና ከአንዲት ፊደል በቀር ደኅና ነኝ። የፊደሏን ነገር እመጣበታለሁ።

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ስለሆነ ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። እናቴም ግቢውን ጠርጋ ቆሻሻውን በር ላይ አቀጣጥላለች። ጠዋት ደብዳቤህን ይዤ እሳቱ አጠገብ ቆሜ ነበር። «ምን ልትጥይ ነው?» ስትለኝ «ምንም» ብዬ ተመለስኩ። ይህን የምነግርህ እንድትደነግጥ ብዬ ነው፤ አልዋሽህም።

የላክኸው የባኽ የሙዚቃ ሸክላ ሳይሰበር ደርሷል። እሑድ በቀበሌው አዳራሽ አሰማሁት። የማተሚያ መኪና ጥገና ልትማር ከሄድክ ወዲህ፣ አንተ የጀመርከው የእሑድ ሙዚቃ ሰዓት ሰው በዝቶለታል፤ ወንበር አጥተው የሚቆሙ አሉ። እንደ ልማዴ ሸክላውን ከማስቀመጤ በፊት የጻፍክልኝን ማብራሪያ ማንበብ ጀመርኩ። ባኽ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኛ ነበር የሚለው ላይ ስደርስ፣ ሊቀ መንበሩ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋልና «የመሥሪያ ቤት ሙዚቀኛ ነበር» ብዬ አለፍኩት። ሃያ ልጆች መውለዱን ስናገር ባለሱቁ አቶ ዱባለ፣ «ታዲያ ይኼን ሁሉ ዜማ መቼ አግኝቶ ደረሰው?» አሉ። አዳራሹ ሣቀ፤ እኔም ሣቅኩ።

ቀጥሎ ወረቀትህ እንዲህ ይላል፦ «ሁለተኛ ሚስቱ ኖታውን በእጇ ትገለብጥለት ነበር። ከጊዜ ብዛት የእጅ ጽሑፏ የእሱን መሰለ፤ ሊቃውንት እንኳ ለመለየት ተቸግረዋል። ይህን ቼሎ የሚባል ትልቅ ቫዮሊን ብቻውን የሚጫወተውን ዜማ ጽፋ ያቆየችልን እሷ ናት። ሐዘኑን አዳምጡ።»

ሐዘን ይላል፣ በሐመሩ ሐ። አንተ መቼ ነው ሐዘንን በሐመሩ ሐ ጽፈህ የምታውቀው? የመሪጌታ ልጅ አግብተህ፣ «ሀ ያው ሀ ነው፤ ሲነበብ ማን ይለየዋል?» እያልክ ስድስት ዓመት ስትከራከረኝ የኖርክ ሰው ነህ። ወደ ላይ ተመልሼ አየሁት። ሕዝብ ልክ ነው፣ ኀይል ልክ ነው፣ ዐይን ልክ ነው። የባኽ ሚስት የባሏን እጅ መሰለች፤ ያንተስ እጅ የማንን መሰለ? ማንበቤን አቋረጥኩ። «ጓድ ጽጌ፣ ምነው?» አሉኝ ሊቀ መንበሩ። «ጭስ ነው» አልኳቸው። ኅዳር እስኪታጠን ግን ገና ሁለት ቀን ይቀር ነበር።

በመጋቢት ስለ አንዲት ሴት ጽፈህልኝ ነበር። ሄልጋ የምትባል፣ ሸክላ የምትዋስበት ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ፣ ዩኒቨርሲቲ ግዕዝ የተማረች። «አማርኛ ስታነብ ብትሰሚያት ትሥቂያለሽ» ብለኸኝ ነበር። ከግንቦት ወዲህ ስሟ ከደብዳቤህ ጠፋ። ስሟ ወጣና ሐመሩ ሐ ገባ። ድሮ «ኮንሰርት ሄድኩ፣ ሰማሁ» ትል የነበርከውም «ሄድን፣ ሰማን» ማለት ጀመርክ። ያቺ «ን» ማን ናት፣ ሀብቴ? ነገር በዐይን ይገባል ይባላል፤ እኔን በፊደል ገባኝ።

ቀናሁ። በውበቷ አይደለም፤ መልኳንም አላውቅ። እኔ ስድስት ዓመት ለምኜህ እምቢ ያልከኝን፣ እሷ በጥቂት ወር እሺ ማሰኘቷ ነው ያንገበገበኝ። የአባቴን ፊደል እኔ ሳስተምርህ ቀልድ ነበር፤ እሷ ስታስተምርህ ትምህርት ሆነ።

ይህንንም እችለው ነበር። ቤት ገብቼ ፖስታውን ሳገላብጠው ግን ስሜን አየሁት። «ወ/ሮ ጽጌማርያም» ይላል፣ በጸሎቱ ጸ። ልክ ነው፤ አባቴ በሕይወት ኖሮ ቢያየው ይመርቅህ ነበር። ሳንጋባ በፊት የጻፍክልኝ የመጀመሪያው ወረቀት ትዝ ይልሃል? «ፅጌ» ብለህ ነበር፣ በፀሐዩ ፀ። ላርምህ ስል ምን አልከኝ? «ለጸሎትማ ቤተ ክርስቲያን አለልኝ፤ አንቺ ፀሐዬ ነሽ።» ከዚያ ወዲህ ሌላውን ሁሉ ሳርም ያችን አንዲት ስሕተት ነክቻት አላውቅም። እሷ አረመቻት።

ሸክላውን ግን አሰማሁት። ሲያልቅ አቶ ዱባለ፣ «ይኼ ሰውዬ ብቻውን ነው የሚያወራው፤ መላሽ የለውም» አሉ። እኔን ያሙኝ መሰለኝ።

አንድ ዓመት ልጨምር ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። አትጨምር ብዬ ብጽፍ ቀናተኛ ትለኛለህ፤ ጨምር ብል ውሸት ነው። ስለዚህ አንዱንም አልጽፍም። መልስህ ሲመጣ፣ ደብዳቤውን ሳልከፍት በፊት ፖስታው ላይ ስሜን አያለሁ።

እናቴ ሰላም ብላሃለች። አቶ ዱባለ ጆሮው ደንቁሮ ሙዚቃ የደረሰውን ሰውዬ ላኩልን ብለዋል፤ ቤትሆቨንን ነው። ሸክላውን ከተገኘበት ተዋስ። ማብራሪያውን ግን ብቻህን ጻፈው፣ ከነስሕተቱ።

የዛሬው ባለ ታቦት ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ፤ መንገድህንም ወደዚህ ያቅናው።

ያንተው
ፅጌ