«አያስቅም» ስለተባሉት ሰባት ዘፈኖቻችን

ይድረስ ለተከበሩና ለተፈሩ፣ ለዘፈንና ለቀልድ ሥራዎች ግምገማ ክፍል ኃላፊ፤
ካሉበት ስድስተኛ ፎቅ፣ ከነወንበርዎና ከነማህተምዎ።

ጌታዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? ደረትዎ፣ ጉሮሮዎ፣ በተለይም ድምፅዎ ደህና ነው ወይ? ዕድሜና ጤና አብዝቶ እንዲሰጥዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ ይህንንም የምለው ለወጉ ያህል ሳይሆን፣ እስከሚመጣው ቅዳሜ ድረስ አንድ ነገር እንዳይሆኑብኝ ስለምሳሳልዎ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ በየሰርጉና በየአዳራሹ ሰው ሁሉ በሚያውቀው ዜማ ላይ የራሴን የቀልድ ግጥም እየገጠምኩ የምዘፍነው ሰውዬ ነኝ። ከኋላዬ አኮርዲዮን የሚጫወተው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ሰባት ዘፈኖች ቀርጸን፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ ምንም አይወጣምና፣ ለክፍልዎ አስገባን። እስከ ዛሬ አንዱም አልወጣም። ስለዚህም ልዩ ልዩ ምስጋናዎቼን በቁጥር ላቀርብልዎ ወደድሁ።

1ኛ፦ በቢሮዎ በር ፊት ለፊት ስላለው አግዳሚ ወንበር አመሰግናለሁ። ስድስት ዓመት ደጅ ስጠና አንዱ እግሩ አጭር በመሆኑ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም፤ ተራዬም አላመለጠኝም፣ ተራ ስላልነበረ። አሳንሰሩንም እንደተበላሸ ስላቆዩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከሰባቱ ዘፈኖች የመጀመሪያው ለዚሁ አሳንሰር የተዘፈነ የፍቅር ዘፈን ሲሆን፣ እርስዎ አስጠግነውት ግጥሙ ያረጅብኛል ብዬ እሰጋ የነበረው በከንቱ ነው፤

ቁልፍሽን ብጫነው ብርሃንሽ አይበራ፣
በደረጃ ልውጣ ከዚህ ሳሌ ጋራ።

2ኛ፦ ስለላኩልኝ አራት ደብዳቤዎች አመሰግናለሁ። አራቱም «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራቸውምና፣ ሁለተኛውን ካነበብኩ በኋላ የቀሩትን ሳልከፍት አውቃቸው ነበር፤ ዓይኔን አሳርፈውልኛል።

3ኛ፦ ይህን እንደ ሌሎቹ በምስጋና ልጽፈው ጀምሬ እጄ እምቢ አለኝ። ዘፈኖቹን ስናስገባ የወንድሜ ግራ ጆሮ መድከም ጀምሮ ነበር። ቀኙም ቀስ እያለ እንደሚከተል ሐኪሙ ስለነገረው፣ ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፤ ጆሮው ሳይዘጋ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው በእነዚያ ዘፈኖች ሲስቅ መስማት። ይህንኑ በማመልከቻ ጻፍኩልዎ፤ የሐኪሙንም ወረቀት አያያዝኩ። እርስዎ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ጠዋት ጋሼ አኮርዲዮኑን አንስቶ ተጫወተ፣ አቆመ፣ ቁልፎቹን በጨርቅ ጠረገ፣ እንደገና ተጫወተ፤ ከዚያም መሣሪያው ሳይበላሽ አልቀረም ብሎ ለእኔ አቀበለኝ። መሣሪያው ምንም አልሆነም ነበር።

ውሳኔዎ የደረሰን ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ስድስት ዓመት የተደከመበት ውሳኔ አንድ ቃል ነበር፤ «አያስቅም»። ከሥሩ ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ ክብ ማህተም። ጌታዬ፣ ነውር ነው ቢሉ፣ ሹም ይዘልፋል ቢሉ፣ ደረቴን ነፍቼ በተቀበልኩት ነበር፤ ለቀልደኛ ይህ ሽልማት ነው። አያስቅም ማለት ግን እኔንም፣ ጆሮው እስኪጠፋ የጠበቀውንም ወንድሜን በአንድ ማህተም መምታት ነው። ቂም ይዤብዎታለሁ። ተደብቄም አይደለም፣ ይኸው በአደባባይ እየነገርኩዎ ነው።

ደግነቱ ስድስት ዓመት አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ያላነበበው ማስታወቂያ የለም። በበርዎ አጠገብ በመስታወት ተሸፍኖ የተሰቀለው፣ እርስዎ ራስዎ ፈርመው ያወጡት የአሠራር መመሪያ እንዲህ ይላል፤ ለግምገማ የቀረበ የዘፈን ግጥም ሁሉ፣ ዜማው ገምጋሚዎችን እንዳያዘናጋ፣ በስብሰባ ላይ ያለ ዜማ፣ በኃላፊው ድምፅ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበባል፤ ስብሰባውም በድምፅ ይቀረጻል። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ ግልጽነት መለያችን በመሆኑ የስብሰባውን ቅጂ ማንኛውም ሰው ጠይቆ መውሰድ፣ መስማትና ማሰማት ይችላል ይላል። ማሰማት የምትለዋን ቃል የጨመሩት እርስዎ ከሆኑ እጅዎን እስማለሁ።

እኔም ጠየቅሁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀ ሰው እንደሌለ ነግራኝ በፍላሽ ገልብጣ ሰጠችኝ፤ መመሪያዎን አክብራ ነውና እንዳይቆጧት።

ወይ ድምፅ! ወይ አነባበብ! ለአሳንሰሩ የተዘፈነውን የፍቅር ዘፈን እንደ ሹመት ደብዳቤ አነበቡት። ሦስተኛው ዘፈን ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ለሚያንቀላፋ ሹም የሚዜም ማስተኛ መሆኑን ያስታውሳሉ፤ እርስዎም በዚያ ጣሪያ በሚያንቀጠቅጥ ድምፅዎ፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳይዘሉ፣

እሹሩሩ ሹሜ፣ እሹሩሩ ጌታ፣
ማህተምህን ታቅፈህ ተኛ እስከ ማታ

ብለው ለስድስት ገምጋሚዎች አነበቡላቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስራ አራት ጊዜ እሹሩሩ ብለዋል፤ ቆጥሬዋለሁ። እኔ በሃያ ዓመት የመድረክ ሥራዬ እንዲህ አላሳቅሁም፤ እውነቴን ነው፣ ቀናሁ። ልብስ ሰፊ እህታችን በሥራ ክፍሏ ስናሰማት በከንፈሯ የያዘችው መርፌ ወድቆ፣ እሷም ስፌት መኪናው ላይ ተደፍታ በቃችሁ፣ አጥፉልኝ እያለች ትለምን ነበር።

በመሆኑም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልክ በስምንት ሰዓት፣ በልብስ ሰፊዎች ማኅበር አዳራሽ፣ ሰባቱም ዘፈኖች በእርስዎ ድምፅ ይቀርባሉ። እኔ አንዲት ቃል አልዘፍንም፤ የተከለከልኩት እኔ እንጂ እርስዎ አይደሉም። ጋሼ ትከሻውን መታ ሳደርገው ከሥር በአኮርዲዮን ያጅብዎታል፤ ጆሮው ቢዘጋም ጣቶቹ አንድም ዜማ አልረሱም። ፊት ለፊት መካከል ላይ አንድ ወንበር ይዘንልዎታል፤ እንዳይቸገሩ «ድምፃዊው» ብለን ጽፈንበታል።

ዝግጅቱን ለማሳገድ ካሰቡም መብትዎ ነው፤ ማመልከቻ ጽፈው ለራስዎ ክፍል ያስገቡና ይጠብቁ። አግዳሚው ላይ ቦታዬን ለቅቄልዎታለሁ። ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ይቀመጡ፣ በግራ በኩል ያለው እግሩ ነው አጭሩ።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ለስድስት ዓመት ጥርሴን ነክሼ ያቆየሁትን ከፍ ያለ አክብሮቴን ሳልቆጥብ እያቀረብኩ፣ ለክፍልዎም ብዙ ተሰብሳቢ፣ ለማህተምዎም የማያልቅ ቀለም እየተመኘሁ እሰናበታለሁ፤

የማያስቀው ቀልደኛ፣ ታዛዥ አገልጋይዎ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሦስተኛው ዘፈን፣ ከአራተኛው እሹሩሩ በኋላ፣ ንባብዎ ይቋረጥና አንድ አጭር ድምፅ ይሰማል። ከቅጂው ጋር የተሰጠኝ ቃለ ጉባኤ «ኃላፊው ሳሉ» ብሎ መዝግቦታል፤ እኔም ሰው ያስለዋል ብዬ አልፌው ነበር። ጋሼ ግን መዳፉን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ሲከታተል እዚያች ቦታ ላይ ስንደርስ እጄን ያዘኝና መልስልኝ አለ፤ መለስኩለት፤ አሁንም መልስልኝ አለ። አስራ አንድ ጊዜ መለስኩለት። ዕድሜ ልኩን አኮርዲዮን ሲስብና ሲገፋ የኖረ ሰው ነውና የትንፋሽን ነገር ያውቃል፤ ይሄ ሳል አይደለም፣ ሰውዬው ስቋል አለኝ። አዳራሽ ሙሉ ሳቅ ለመስማት ስድስት ዓመት የጠበቀው ወንድሜ፣ የደረሰው የእርስዎ የአንድ ሰው ሳቅ ብቻ ነው፣ ያውም በመዳፉ። ቅዳሜ ያቺን ቦታ ሁለት ጊዜ እናሰማታለን።